በግ ይቆያል፣ ሥጋ ግን አይቆይም

ከመካነ ሰላም እስከ ቺካጎ የሥጋ ነጋዴ የሚያተርፈውም የሚከስረውም በሰዓትና በቅዝቃዜ ነው

ከመካነ ሰላም፣ ከአቀስታ ወይም ከሳይንት በግ ገዝቶ ወደ ደሴ የሚጭን ነጋዴ ገበያው ቢረክስበት አንድ አማራጭ አለው። በጉን ሳይሸጥ ያሳድረዋል። የመኖና የእረኛ ወጪ ይጨምርበታል፣ በጉም ትንሽ ይከሳል፤ ሆኖም ሳምንት ጠብቆ ሌላ ዋጋ ሊጠይቅበት ይችላል። በጉ ከታረደ በኋላ ግን ይህ አማራጭ የለም። ከዚያ በኋላ ዋጋውን የሚወስኑት ገዢና ሻጭ ብቻ አይደሉም፤ ሰዓትም ሦስተኛ ተደራዳሪ ሆኖ ይገባል።

ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ ወደ 180 ኪሎ ሜትር፣ ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ሁሉ መንገድ የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ሀብት የሚጓዘው ከነነፍሱ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በሕይወት ያለ በግ መብራት የማይፈልግ ማቀዝቀዣ ነው። ሥጋን አርዶ፣ አቀዝቅዞና አሽጎ መላክ የተሻለ ዋጋ ያስገኛል ቢባልም፣ ይህን የሚያስብ ባለሀብት አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ። ሥጋ ስንት ጊዜ ይቆያል? መበላሸቱስ በምን ይታወቃል?

የቺካጎው ትምህርት

ሥጋን አስቀምጦ መነገድ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያንቀሳቅስ ጎልቶ የታየው ለእኛ ገበያ እንግዳ በሆነ ዕቃ ነው፤ በአሳማ የሆድ ሥጋ። የአሳማ ሥጋ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ሆነ በእስልምና ሕግ ስለማይበላ በወሎ ገበያ ቦታ የለውም። አሜሪካኖች ግን ይህን ስብ የበዛበት ብልት በጨውና በጭስ አዘጋጅተው ቤከን ያደርጉታል። ድሮ የቤከን ፍላጎት የሚጨምረው በበጋቸው ወራት ሲሆን፣ ሥጋው በብዛት የሚገኘው ግን ቀደም ብሎ በሌላ ወቅት ነበር። በመሆኑም ሥጋው በረዶ ሆኖ መጋዘን ይገባና ዋጋው እስኪወጣ ይጠብቃል።

የቺካጎ መርካንታይል ኤክስቼንጅ በመስከረም 1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1961) በረዶ የሆነ የአሳማ የሆድ ሥጋን ወደፊት በሚፈጸም ርክክብ ውል ማገበያየት ጀመረ። በኋለኞቹ ዓመታት አንዱ ውል 40,000 ፓውንድ፣ ማለትም 181 ኩንታል ያህል ሥጋ ነበር። ከጊዜ በኋላ ቤከን ዓመቱን ሙሉ የሚበላ ምግብ ሆነ፤ አዘጋጆቹም ትኩሱን ሥጋ በቀጥታ መውሰድ ስላዘወተሩ የመጋዘኑ ክምችት አነሰ። ውሉም በሐምሌ 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2011) ከገበያው ወጣ። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። ማቆየት የሚያዋጣው የዛሬው ዋጋና የነገው ዋጋ ልዩነት የማቆያውን ወጪ ሲሸፍን ብቻ ነው።

ሁለት ቢላዋ፣ አንድ ከተማ

በእኛ አገር ይህን የዋጋ ልዩነት የሚፈጥረው ከሁሉ በላይ የጾምና የበዓል አቆጣጠር ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብም፣ ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር፣ ይጾማሉ። ቅበላ ሲደርስና ፋሲካ ሲውል ፍላጎቱ ይንራል፤ በማግስቱ ወይም በሳምንቱ ይወርዳል። በሙስሊሙ በኩል በአረፋ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ጠዋት ያርዳል፤ ለጎረቤትና ለድሃ ከተከፋፈለ በኋላም ቢሆን በየቤቱ ለማቆየት የሚያስቸግር ሥጋ ይተርፋል።

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ሌላም ነገር ይጨመራል። ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው በሚኖሩባቸው በእነዚህ ወረዳዎች ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ቢላዋ አይበሉም፤ ልኳንዳውም የተለየ ነው። ስለዚህ የአንድ አነስተኛ ከተማ ሥጋ በላተኛ ለሁለት ይከፈላል ማለት ነው። በሕይወት ሳለ 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ ታርዶ ከነአጥንቱ 125 ኪሎ ያህል ሥጋ ቢወጣው፣ ባለ ልኳንዳው ይህን የሚሸጠው ለከተማው ግማሽ ነው። የክርስቲያን ልኳንዳ ማክሰኞ ጠዋት አርዶ ማታ 30 ኪሎ ቢተርፈው ረቡዕ ደንበኛ የለውም። ሐሙስ ሲከፍት ሥጋው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ማቀዝቀዣ ከሌለው ያለው ምርጫ ማክሰኞ ማታ ዋጋ ሰብሮ መሸጥ ወይም ዘልዝሎ መስቀል ነው።

ሥጋ ለምን ይበላሻል?

የጤነኛ ከብት ሥጋ ውስጡ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነው። ተሕዋስያን የሚመጡት ከቆዳው፣ ከአንጀቱ፣ ከቢላዋው፣ ከእጅ፣ ከውሃና ከዝንብ ሲሆን የሚያርፉትም በሥጋው ገጽ ላይ ነው። ሥጋ በተቆረጠ ቁጥር ገጹ ይበዛል። ሙሉ ታፋ ከተቆራረጠ ጥብስ የበለጠ፣ የተቆራረጠው ደግሞ ከተፈጨው ወይም ከተከተፈው የበለጠ የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው።

ተሕዋስያኑ በፍጥነት የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ነው። በተመቻቸው ጊዜ አንዳንዶቹ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናሉ። ሒሳቡን መሥራት ቀላል ነው፤ አንዱ ብቻ በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ጥሬ ሥጋ ያለ ቅዝቃዜ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ የሚባለውም ለዚህ ነው። አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ገደቡ ወደ 1 ሰዓት ይወርዳል። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መኪና ከደጋ ብርድ ተነስቶ በጥቂት ሰዓት ቆላ እንደሚገባ ጫኚው ሊዘነጋ አይገባም።

ስቡ የሚበላሸው በሌላ መንገድ ነው። ጮማ፣ ፍሪምባና የበግ ላት በተሕዋስያን ብቻ ሳይሆን በአየርና በብርሃንም ይጎዳሉ። በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ስቡን ሲያገኘው የቆየ ዘይት ሽታ ያመጣል። ይህ ለውጥ በፍሪዘር ውስጥም ቢሆን ቀስ እያለ ይቀጥላል። የአሳማ ስብ ከበሬና ከበግ ሞራ ይልቅ ለስላሳ በመሆኑ በዚህ ረገድ ይበልጥ ቶሎ ይጎዳል። በመሆኑም ስብ የበዛበት ሥጋ አየር በማያስገባ ላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ መጠቅለል አለበት።

የደጋው ብርድ ብቻውን ማቀዝቀዣ አይሆንም። በበጋ ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም ቀን ፀሐይ ሲወጣ አየሩ ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል። ሌላም መታወስ ያለበት አለ። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለሆነም ሥጋው በደጋ ከቆላው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ መቀቀል ይኖርበታል።

የደጋ በግ ሥጋ ለምን ይጠቁራል?

ለዓረብ አገሮች ቀዝቃዛ የበግና የፍየል ሥጋ በአውሮፕላን የሚልኩት የሞጆና የቢሾፍቱ የኤክስፖርት ቄራዎች የቆላ በግን ያስቀድማሉ። ከነዚህ መካከል በስም ከወሎው ቦረና ጋር የሚመሳሰለው የደቡቡ ቦረና ይገኝበታል። የደጋ በግ የማይፈለግበት ዋነኛ ምክንያት ሥጋው ቶሎ ይጠቁራል የሚል ነው። የባሕረ ሰላጤው ገዢ የጠቆረ ሥጋ ሲያይ የቆየ ይመስለዋል፤ አይወስድም፣ ወይም ዋጋ ይቀንሳል።

ሥጋን ከሚያጠቁሩት ነገሮች አንዱ በነጋዴው እጅ ያለ ነው። እንስሳ ሲታረድ በጡንቻው ውስጥ ያለው የስኳር ክምችት ወደ አሲድ ይለወጣል። የሥጋው የአሲድነት መለኪያ፣ ፒኤች የሚባለው፣ ከ7 ተነስቶ ወደ 5.5 ወይም 5.8 ይወርዳል። ይህ አሲድ ሥጋውን ቀይና ማራኪ ከማድረጉም በላይ ተሕዋስያንን ያዳክማል። ቀናት በእግሩ የተነዳ፣ በመኪና ላይ ተጨናንቆ የተንገላታ፣ የተራበና የተጠማ እንስሳ ግን ያን ክምችት በመንገድ ጨርሶታል። መለኪያው ከ6 በላይ ላይ ይቀራል፤ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይጠነክራል፣ ሲነካም ይደርቃል። እንዲህ ያለው ሥጋ የተበላሸ አይደለም። ሆኖም አሲዱ ስላነሰው ከሌላው ቀድሞ ይበላሻል።

መፍትሔው ብዙ ወጪ የለውም። ከብቱ ከመታረዱ በፊት ከግማሽ እስከ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ እያገኘ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ችግሩ ዕረፍቱን ማን ይክፈል የሚለው ነው። ደላላው ቶሎ ሸጦ መሄድ ይፈልጋል፤ አራጁ የበረት ኪራይ ይቆጥራል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በተከሰተው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ መኪና ላይ ያደረ ከብት ድካሙ በእጥፍ ይጨምራል። ኪሳራው በመጨረሻ የሚታየው በሥጋው ቀለም ላይ ነው።

ማቀዝቀዣ፣ ፍሪዘርና መብራት

ማቀዝቀዣ ከ4 ዲግሪ እንዳይበልጥ፣ ፍሪዘር ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ እንዲሆን ያስፈልጋል። በዚህ ልክ የሚጠበቀው የመቆያ ጊዜ የሚከተለው ነው።

የተፈጨ ወይም የተከተፈ ሥጋ፦ በማቀዝቀዣ ከ1 እስከ 2 ቀን፣ በፍሪዘር ከ3 እስከ 4 ወር።
ጉበት፣ ኩላሊትና የመሳሰለው የሆድ ዕቃ፦ በማቀዝቀዣ ከ1 እስከ 2 ቀን፣ በፍሪዘር ከ3 እስከ 4 ወር።
ያልተፈጨ የበሬ፣ የበግ ወይም የአሳማ ብልት፦ በማቀዝቀዣ ከ3 እስከ 5 ቀን፣ በፍሪዘር ከ4 እስከ 12 ወር። እንደ ፍሪምባና እንደ አሳማ የሆድ ሥጋ ስብ የበዛበት ከሆነ አጭሩን ጊዜ መያዝ ይሻላል።
ቤከን፦ በማቀዝቀዣ 1 ሳምንት፣ በፍሪዘር 1 ወር።
የበሰለ የሥጋ ወጥ፦ በማቀዝቀዣ ከ3 እስከ 4 ቀን።

የፍሪዘሩ ወራት የጣዕም ገደብ እንጂ የጤና ገደብ አይደሉም። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሳይቋረጥ ከተጠበቀ ሥጋው ከዚያም በኋላ አይመርዝም። ነገር ግን በረዶ ተሕዋስያንን ያስተኛል እንጂ ሁሉንም አይገድልም። ሥጋው ሲቀልጥ ከቆሙበት ይቀጥላሉ። ስለዚህ በረዶ የሆነ ሥጋ መቅለጥ ያለበት በማቀዝቀዣ ውስጥ እንጂ በጠረጴዛ ላይ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚታይ ስህተት የታረደን ትኩስ ሥጋ በትልቁ ፍሪዘር ውስጥ መከመር ነው። የቤት ፍሪዘር የቀዘቀዘን ለመጠበቅ እንጂ ግማሽ በሬ ለማቀዝቀዝ አልተሠራም። ውጪው ሲጠነክር መሐሉ ለሰዓታት ሞቅ ብሎ ይቆያል። በትልልቅ ብልቶች ላይ ከአጥንቱ ሥር፣ በተለይ በዳሌው መገጣጠሚያ፣ ሽታ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ሥጋው አስቀድሞ ተበልቶ፣ በስስ ጥቅል ተከፋፍሎና በመካከሉ አየር እንዲያልፍ ተደርጎ ሊደረደር ይገባል።

መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት፣ ማቀዝቀዣ ደግሞ 4 ሰዓት ይጠብቃል። ባለቤቱ በሌለበት መብራት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ርካሽ ዘዴ አለ። ውሃ በኩባያ ሞልቶ በረዶ እስኪሆን ጠብቆ ሳንቲም ላዩ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሳንቲሙ ወደ ታች ሰምጦ ከተገኘ በረዶው ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ነው፤ ሥጋውም እንደዚያው። በረዶ የሆነ ሥጋ በብዛት የሚገዛ ሰው በጥቅሉ ውስጥ የረጋ ደም የተቀላቀለበት ወፍራም በረዶ ካየ ተመሳሳይ ነገር መጠርጠር ይኖርበታል።

ቋንጣ፦ መብራት የማይጠይቀው መጋዘን

ከሥጋ ውስጥ ከመቶ 75 እጁ ያህል ውሃ ነው። ቋንጣ ይህን ውሃ በነፋስና በጨው በማውጣት ተሕዋስያንን ያስርባል። ለቋንጣ የሚመረጠው ስብ የሌለበት ቀይ ሥጋ ነው፤ ስብ አይደርቅም፣ ይከረፋልና። ለጥሬ ሥጋ ጮማው ዋጋ ሲያወጣ ለቋንጣ ግን ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ የተረፈውን ሁሉ ዘልዝሎ መስቀል አያዋጣም፤ ጮማውን ቀድሞ መሸጥ፣ ቀዩን መስቀል ይሻላል።

ሒሳቡም እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ቋንጣ ለማግኘት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ጥሬ ቀይ ሥጋ ያስፈልጋል። ለምሳሌ የጥሬው ዋጋ በኪሎ 600 ብር ቢሆን በአንዱ ኪሎ ቋንጣ ውስጥ ያለው ሥጋ ብቻ ከ1,800 እስከ 2,400 ብር ይፈጃል። ጨው፣ በርበሬና ጉልበት ከዚያ በላይ ናቸው። ከዚህ በታች የሚሸጥ ቋንጣ ወይ በደንብ አልደረቀም፣ ወይም ሥጋው አስቀድሞ ዋጋው የወደቀ ነበር።

ለመስቀል የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ነው። በደቡብ ወሎ ደጋ የበልግ ዝናብ ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጋር ስለሚገጣጠም በቅበላ የተረፈ ሥጋ ብዙ ጊዜ የሚሰቀለው እርጥበት በጀመረበት ሰሞን ነው። በደንብ የደረቀ ቋንጣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውስጥ እርጥበት አይታይም። ሞቅ እንዳለ በላስቲክ የታሸገ ቋንጣ ያልበዋል፣ ይሻግታልም። የሻገተው ላዩን ጠርጎ መሸጥ ተገቢ አይደለም፤ አንዳንድ ሻጋታ በዓይን የማይታይ መርዝ ወደ ውስጥ ይተዋልና።

መበላሸቱ በምን ይታወቃል?

ሽታ፦ የኮመጠጠ ወይም የገማ እንቁላል የሚመስል ሽታ ካለው ተበላሽቷል። የቆየ ዘይት ሽታ የስቡ መበላሸት ነው።
እጅ፦ የሚያዳልጥ ወይም የሚያጣብቅ ልጋግ ተሕዋስያኑ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ10 ሚሊዮን ባለፉ ጊዜ የሚታይ ነው። ታጥቦ ቢለቅም ሥጋው አይመለስም።
ቀለም፦ ቀይ ሥጋ ወደ ቡናማ ማድላቱ ብቻውን ብልሽት አይደለም፤ አየር ሲያገኘው የሚሆን ነው። ቡናማው ከልጋግና ከሽታ ጋር ከመጣ፣ ወይም ስቡ ወደ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከዞረ ይጣላል።
ጥቅል፦ ያበጠ ላስቲክ ወይም ያበጠ ቆርቆሮ በውስጡ ጋዝ አለ ማለት ነው። ያበጠ ቆርቆሮ ሳይቀመስ ይወገዳል።
ነጭ ደረቅ ነጠብጣብ፦ በፍሪዘር ሥጋ ላይ ሲታይ አየር ገብቶ ማድረቁን ያሳያል። ጣዕም ይቀንሳል እንጂ አይጎዳም።

አፍንጫ ግን ሁሉንም አይነግርም። ሥጋ የሚያሸቱት ተሕዋስያንና ሰው የሚያሳምሙት ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ምንም የማይሸት ሥጋ ሊመርዝ ይችላል። አንዳንዱ ተሕዋስ የሚተወው መርዝ ደግሞ በማፍላት አይጠፋም፤ ስለዚህ ሌሊቱን ውጪ ያደረ ወጥ ጠዋት መልሶ መፍላቱ ዋስትና አይሆንም። ኮሶም በአፍንጫ አይታወቅም። ሥጋውን በደንብ ማብሰል፣ ወይም ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ቢያንስ 10 ቀን ማቆየት ይገድለዋል። ሳይታረድ በድንገት የሞተ ከብት ሥጋ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መገዛትም መበለትም የለበትም። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላልና፤ የበሽታው ዘር ብርድም ድርቀትም አይበግረውም።

ኪሳራው የማን ነው?

በገበያችን ሥጋ ሲበላሽ ኪሳራው የሚወድቀው መጨረሻ በያዘው ሰው ላይ ነው። ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ባለ ልኳንዳው ወይም ሸማቹ ነው። ከብቱን ያደከመው ጫኚ፣ ዕረፍት የነፈገው ደላላና ሳያቀዘቅዝ ያሸገው አራጅ ሒሳባቸውን ዘግተው ሄደዋል። በደጋው ላይ ቄራና የማቀዝቀዣ ክፍል ለመክፈት የሚያስብ ባለሀብት ከጄኔሬተሩ ዋጋ በፊት ይህን ሊያስብ ይገባዋል። ክፍሉ የሚያቆየው በጥሩ ሁኔታ የገባለትን ሥጋ ብቻ ነው፤ ደክሞ የታረደውን ወይም ሞቆ ያደረውን አያድንም።

ለገዢው በሬውም ይሁን በጉ፣ ጥሬውም ይሁን ቋንጣው፣ ከዋጋው በፊት የሚጠየቁት ሦስት ናቸው። ከብቱ ሳይታረድ አረፈ ወይ? መቼ ታረደ? ሥጋውስ የት አደረ? እነዚህን የማይመልስ ሻጭ ዋጋ ቢቀንስም አልረከሰም።